ሲቆ፣ ካርድና የቤት ደጅ

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለተ ረቡዕ። ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ የሀዋሳ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ተሰልፏል። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የማለዳ ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ከምርጫ ጣቢያው በር የጀመረው ሰልፍ አጥሩን ይዞ ታጥፎ ሌላ መንገድ ገብቷል። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ በደቡብ ክልል ሥር ይቀጥል ተብሎ ሕዝብ የሚጠየቅበት ቀን ነው። በዚሁ ጥያቄ ሰበብ በሐምሌ 2011 በከተማችን የፈሰሰው ደም ገና ከሰው ልብ አልወጣምና ሰልፈኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ከፊቴ የሰፈራችን እማማ ቆመዋል። የመራጭነት ካርዳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ መሐረቡን በመቀነታቸው ቋጥረውታል። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር እጃቸው ወደ መቀነታቸው ይሄዳል፤ ዳብሰው አለመውደቁን ያረጋግጣሉ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ምልክት ነበር፤ አንዱ ጎጆ፣ ሌላው ሻፌታ። ጎጆው ባለበት መቀጠልን፣ ሻፌታው ክልል መሆንን ይወክላል። ሻፌታ የሲዳማ ቤተሰብ ከቦ የሚበላበት ገበታ ነው። የአንድ ሕዝብ ዕጣ በሚወሰንበት ወረቀት ላይ የታተሙት ሁለቱም ሥዕሎች ከሴት እጅ የማይለዩ የቤት ነገሮች መሆናቸው ያን ጠዋት ልቤን ነካው።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። አስፈጻሚዋ ስማቸውን ከመዝገቡ አገኘችው፤ ጣታቸውን ቀለም አስነካቻቸው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ወረቀቱን አጥፈው ኮሮጆው ውስጥ ከጨመሩ በኋላ፣ ቀለሙ ነጠላቸውን እንዳያበላሽ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ይዘው ወጡ። እንደዚያው ጣታቸውን እንደቀሰሩ ቤታቸው ድረስ ሄዱ። መንገድ ላይ ማን ምን ምረጡ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ባላቸውም ልጆቻቸውም ብዙ ብለዋቸዋል፤ መጋረጃው ውስጥ ግን ከእሳቸውና ከፈጣሪያቸው በቀር ማንም እንዳልነበረ ነገሩኝ።

ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሲያሳውቅ 98.5 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለሻፌታ ነበር። በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሀዋሳም ዋና ከተማው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጤቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ይዞኝ የቀረው የእማማ አንድ ደቂቃ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ማንም ሳያያት፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የምትወስንበት አንድ ደቂቃ እንዴት ተገኘ? ከመጋረጃው ወጥታ ቤቷ ስትገባስ ያ ሥልጣን አብሯት ይገባል ወይስ ደጅ ላይ ይቀራል?

ሴቶች በሲቆ ሲወጡ

እማማ ያደጉት በይርጋለም በኩል ነው። ስለ ምርጫው ስናወራ ጨዋታውን ወደ ልጅነታቸው የመለሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሴቶች ተሰብስበው ሲወጡ ካርድ ሳይሆን ሲቆ ይዘው ሲወጡ ነው መጀመሪያ ያዩት።

በሲዳማ ባህል ሴቶች ለመብታቸው የሚቆሙበት ሥርዓት ያካ ይባላል። መሪዋ ቃሪቴ ናት፤ በዕድሜም በአነጋገርም የበሰለች፣ ሌሎቹ ሴቶች የሚሰሟት። ሲቆ ያገባች ሴት የምትይዘው በትር ነው። በትር ይባል እንጂ ማንም አይመታበትም። የሰላምና የክብር ምልክት ነው። ባል ሚስቱን ቢደበድብ ወይም ቢያዋርድ፣ በተለይ ደግሞ አራስ ሳለች ቢነካት፣ ነገሩ ለቃሪቴ ይደርሳል። ቃሪቴ ትጠራለች። ሴቶቹ የያዙትን ጥለው፣ እንሰት የምትፍቀው ፍቀቷን ትታ፣ ገበያ ልትወጣ የተሰናዳችው ሸክሟን አውርዳ፣ ሲቆአቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሲቆ የያዙ ሴቶችን አቋርጦ ማለፍ ለወንድ ነውር ነው፤ እርግማኑም ይፈራል። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪክስ ድረስ ነገሩ አይበርድም። በጎረቤቶቻችን በአርሲና በጉጂ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የሚባለው ሥርዓትም የዚህ እህት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሴቶች በቀጥታ የሚያመሩት ወደ በዳዩ ቤት ደጅ ነው። በባልና ሚስት መካከል አይገባም የሚባለውን ነገር የሰፈር ሁሉ ጉዳይ ያደርጉታል። የሴቶች መብት ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። የሲዳማ ሴት ማንም ሳያስተምራት፣ የባሏ ዱላ የእሷ የብቻ ገመና እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ያካን ከልክ በላይ ማሞገስም ልክ አይደለም። ያካ ሚስትን በሚስትነቷ፣ እናትን በእናትነቷ ይጠብቃል። መሬት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲያልፍ ግን የሚያግድ ሲቆ አልነበረም። ትልልቁ ነገር በሚመከርበት በሶንጎ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ወንዶች ናቸው። ሴት ስትበደል ትጮህ ነበር፤ ስትወስን ግን አልታየችም።

አንዲት ወሳኝ ሴት በአፈ ታሪክ አለች። ሲዳማ ንግሥት ፉራ ይላታል። በአንድ ወቅት ሲዳማን ትገዛ ነበር፤ ሴቶች ለወንዶች እንዳይበረከኩ ትመክር፣ ወንዶችን ደግሞ የማይቻል ነገር እያዘዘች ታስጨንቅ ነበር ይባላል። በመጨረሻ ከፈረስ የሚፈጥን መጋለቢያ አምጡልኝ ስትል ወንዶቹ በብልሃት ቀጭኔ ላይ አስረው ለቀቋት። አውሬው ይዟት ሲጋልብ ሰውነቷ እየተበጣጠሰ ወደቀ። እጇ የወደቀበት አንጋ፣ እግሯ የወደቀበት ሌካ ተባለ ይላል ተረቱ፤ በሲዳምኛ አንጋ እጅ፣ ሌካ እግር ነው። ወንዶች ይህን የሚተርኩት ሴት ብትሾም ምን እንደምትሆን ለማሳየት ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው፤ የሾሟትን ሴት ለማውረድ ቆራርጦ በየአገሩ መበተን ያስፈለገው ፍርሃት ምን ያህል ቢሆን ነው?

ከላይ የወረደ መብት

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢያቋቁምም፣ አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ድምፅ ያጣችው ሴቷ ብቻ አልነበረችም፤ ወንዱም ገበሬ ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ነገሩ የተለወጠው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥናቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ባወጁት የተሻሻለ ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እንደራሴውን የመምረጥ መብት አገኘ።

የኢትዮጵያ ሴቶች ለድምፅ ብለው አደባባይ አልወጡም። መብቱ ከላይ ነው የወረደው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ኤርትራ ናት። በ1945 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የራሷ ሕገ መንግሥትና የተመረጠ ምክር ቤት ይዛ ስለመጣች፣ የ1923ቱ ሕግ ከጎኗ ሲቆም ያረጀ ሆኖ ታየ። የሚገርመው፣ በኤርትራው ሕግ መራጭ ለመሆን ወንድ መሆን ግዴታ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ በልጦ ተገኘ። ለመመረጥ ግን ሌላ አጥር ቆመ። እጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ቢያንስ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን በስሟ ይህን ያህል ሀብት የተጻፈላት ሴት ስንት ነበረች? በሩ ተከፍቶ ደፉ ከፍ ያለ ቤት ነበር።

በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ያን ደፍ የተሻገረችው ስንዱ ገብሩ ናት። ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቻችን ስሟን ሳያውቁ እያደጉ ነውና። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ስዊዘርላንድ ሄዳ ተማረች። ጣልያን ሲወርር ጥቁር አንበሳ ከተባሉት አርበኞች ጋር ወደ ጎሬ ወረደች፤ ተማርካም በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዘች። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነች፤ ቴአትር ጻፈች፤ ሴት ልጆችን መድረክ ላይ አቆመች። ከዚያ በአዲስ አበባ ተወዳድራ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገባች፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰች። በ2001 ዓ.ም. ስታርፍ 93 ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ ይህን አስተያዩ። ስንዱን ያስተማረችው ስዊዘርላንድ ለገዛ ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ተማሪዋ አዲስ አበባ ላይ የፓርላማ ወንበር ከያዘች 13 ዓመት አልፎ ነበር። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 ቀድማለች፤ ፊንላንድ በ1906 መምረጥንም መመረጥንም ሰጥታለች፤ የአብዮትና የሰብአዊ መብት አገር የምትባለው ፈረንሳይ ግን እስከ 1944 ቆይታለች። እንግሊዝ በ1918 የፈቀደችው 30 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነው፤ ከወንዶች እኩል ያደረገቻቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

የእንግሊዝን ነገር ካነሳን፣ ያ ትግል አንዲት ሴት አበድሮናል። ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሄደ ሰው የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር አይቶ ይሆናል። ለሴቶች ድምፅ ስትታገል ደጋግማ ታስራለች፤ እህል አልቀምስም ስትል ዘብ ጠባቂዎች በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው በግድ መግበዋታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ለኢትዮጵያ የሚሟገተውን ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣዋን አወጣች፤ ሃያ ዓመትም አላቋረጠችም። በ1948 ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። ያ ሕገ መንግሥት የታወጀበት ዓመት ነው። በአገሯ ደም የተከፈለበት መብት እዚህ በአዋጅ ሲሰጥ አየች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አረፈች።

ደም የተከፈለበትና በአዋጅ የተሰጠ መብት ልዩነት የለውም አልልም። በአዋጅ የመጣ ነገር ባለቤት ያጣል። ድምፅ በተሰጠ በአራት ዓመት ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል።

በሕግ የተዘጋ ደጅ

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ሕጉ በብዙ መልኩ ዘመናዊ ነው፤ የጋብቻ ምዕራፉን የሚያነብ ሰው ግን ይደነግጣል። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገዋል፤ ሕገ ወጥ ባልሆነ ነገር ሁሉ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል። መኖሪያውን የሚመርጠው እሱ ነው። ጠባይዋን የሚመራውና የሚጠብቀው እሱ ነው። አንቀጽ 646 ላይ ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች ይላል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር።

እንግዲህ አንዲት ሴት ጠዋት ወጥታ የአገሯን እንደራሴ ትመርጣለች፤ ማታ ስትመለስ የት እንደምትኖር የሚወስንላት ባሏ ነው። ከዚያ በፊት በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይብሳል። ልጃገረድ የጠለፈ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ ነገር ግን የተጠለፈችው በፈቃዷ ካገባችው ክሱ ይቀራል። በፈቃዷ! የተጠለፈችና ክብሯን ያጣች ልጅ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቷ አንገቱን ደፍቶ ባለበት የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ በደቡብም በአርሲም በጎጃምም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ለጠላፊው ጠለፋው ራሱ የሠርግ መንገድ ሆነለት።

አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ በግሉ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት ይሰጣል አለ። በወረቀት ትልቅ ነገር ነው። በተግባር የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ሆነ። በ1972 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በአጭሩ አኢሴማ። እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው፣ ከጓዳ ወጥተው ስብሰባ የለመዱትም በአኢሴማ ነው። ይህ ውለታ አይካድም። ማኅበሩ ግን የሴቶቹን ጥያቄ ወደ መንግሥት ከመውሰድ ይልቅ የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ሴቶቹ ማውረዱ አመዘነ። በስብሰባው ማግሥት ያው አንቀጽ 635 በቦታው ነበር። አርባ ዓመት ኖረ።

ደጁን ያንኳኩ ሴቶች

ትግል የሚለው ቃል በእውነት የሚገባው ከዚህ በኋላ ላለው ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ የቆየውን በደል አምኖ ድጋፍ እንዲደረግላቸውም አዘዘ። ሕገ መንግሥቱ አንድ ነገር ሲል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ይላል። ይህን ቅራኔ ይዘው የተነሱት መዓዛ አሸናፊና የሙያ ጓደኞቿ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ናቸው። በነጻ ጠበቃ ቆሙ፤ አንቀጽ በአንቀጽ እየነቀሱ ይሻሻል አሉ። በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች ተብላ ስትከሰስ አጠገቧ የቆሙት እነሱ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ ለቀቃት። ድፍረት የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ። የባል ራስነት ቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ንብረቱን ሁለቱ እኩል ያስተዳድሩታል ተባለ። ይህ ሕግ ግን በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የደቡብ ክልል ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን ያወጣው በ1996፣ በአዋጅ ቁጥር 75 ነው። የክልሉ መቀመጫ ያኔ ይህችው ሀዋሳ ነበረች። የሀዋሳ ሴት ከአዲስ አበባ እህቷ አራት ዓመት ዘግይታ ከአንቀጽ 635 ወጣች ማለት ነው። ግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ግርዛትን ወንጀል አደረገ፤ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት የሚያስቀጣ አደረገ፤ ማግባትም ከቅጣት አያድንም አለ። በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ በኖረ መሬት ላይ የሴት ስም ተጻፈ።

ሕግ ሲለወጥ ሰው አብሮ አይለወጥም። ይህን ከማንም በላይ የተረዳችው ከሀዋሳ በስተምዕራብ፣ ከምባታ የተወለደችው ቦጋለች ገብሬ ናት። ውሃ ልትቀዳ ወጣች እየተባለ ተደብቃ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ኋላ እስራኤልና አሜሪካ ድረስ ሄዳ ተማረች። ተመልሳ በ1989 ዓ.ም. ግድም ከእህቷ ጋር ከምባታ ሜንቲ ጌዚማን አቋቋመች፤ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ይቁሙ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስለ ግርዛት አልሰበከችም። ምን ይቸግራችኋል ብላ ጠየቀች። ወንዙን የምንሻገርበት ድልድይ አሏት። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ሰው ሊሰማት ተቀመጠ። ሽማግሌውም ሴቱም ቄሱም በአንድ ላይ የሚመክርበት የማኅበረሰብ ውይይት ወር ከወር ቀጠለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያልተገረዘች ሙሽራ ብዙ ሺህ ሰው ባለበት በአደባባይ ተዳረች። ቦጋለች ያረፈችው በጥቅምት 2012፣ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ይህ መንገድ ወደ ኋላ የተጎተተበት ጊዜም አለ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገንዘቡ ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት ጠበቆቹ ነጻ አገልግሎት ተዳከመ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2011 ተሻረ። አሥር ዓመት ለተደበደበች ሴት ረጅም ነው።

ወንበርና ሰርቪስ

በምክር ቤት ያሉት ሴቶች ቁጥር ሲታይ ለውጡ ያስደስታል። በ1987ቱ ምርጫ ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም። በ1992 ከ547 ወንበር 42 ያዙ። በ2007 ቁጥሩ 212 ደረሰ፤ 38.8 በመቶ። በጥቅምት 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሆነ፤ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ደግሞ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እማማ ድምፅ የሰጡበትን ሕዝበ ውሳኔ ያስፈጸመችው ብርቱካን ናት። ከእነዚህ ከሦስቱ ወንበሮች የመዓዛ በ2015፣ የሳህለወርቅ በ2017 ወደ ወንዶች ተመልሰዋል። ሴት ሹመት ላይ መታየቷ ዋጋ አለው። በሹመት የመጣ ነገር ግን በሹመት ይሄዳል።

ሀዋሳ ውስጥ የእኩልነት ጥያቄ በየቀኑ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። አመሻሽ ላይ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በር መቆም ነው። በዘጠኝ ወር ተገንብቶ ሐምሌ 2008 የተመረቀው ይህ ፓርክ ብዙ ሺህ ሠራተኛ አለው፤ አብዛኞቹ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፈረቃ ሲለቀቅ ሰርቪሱ ተደርድሮ ይጠብቃል። ልጆቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይወጣሉ፤ የአንዷ ፀጉር ላይ የጨርቅ ብናኝ ተጣብቆ ጓደኛዋ በጣቷ እየለቀመች ታወርድላታለች። ሦስትና አራት ሆነው ወደሚከራዩት ክፍል ይሄዳሉ።

እነዚህ ልጆች ከአያቶቻቸው የተለየ አንድ ነገር አላቸው፤ በእጃቸው የሚቆጠር ደመወዝ። ምን ያህል ነው የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን ለግል ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል፤ የወሊድ ፈቃዱንም 120 ቀን አድርጎታል፤ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። በ2014 አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ስትሰርዘን ለፋብሪካዎቹ የሚመጣው ትእዛዝ ቀነሰ፤ ሥራ ያጡትም እነሱው ናቸው። ማንም አማክሯቸው አልነበረም። ምርጫውም ቢሆን ለእነሱ ቀላል አይደለም። ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። መታወቂያዋ የትውልድ ቀበሌዋ የሆነች፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ክፍል የምትቀይር፣ በምዝገባው ቀን ፈረቃ ላይ ያለች ልጅ ካርዱን መቼ ታውጣ? ሕጉ አልከለከላትም፤ ኑሮዋ ግን ይከለክላታል።

አንቀጽ 620

ወደ ቤቱ ደጅ ልመለስ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ብዙ በር ከፍቷል ብያለሁ። አንድ በር ግን እንደተቆለፈ ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ወንጀሉን የሚገልጸው ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ነው። በጋብቻ ውስጥ ያለች ሴት ባሏ ቢያስገድዳት በዚህ አንቀጽ መክሰስ አትችልም። ሕጉ ሲረቀቅ የሴት ጠበቆቹ ይህ ቃል እንዲወጣ ታግለዋል። አልወጣም።

እማማ በልጅነታቸው ያዩአቸው ሴቶች ሲቆ ይዘው የሚሄዱት ልክ ወደዚህ በር ነበር። አራስ ሴት በባሏ ቤት፣ በባሏ እጅ ስትጎዳ ነገሩ የጋብቻ ገመና ነው ብለው አላለፉም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ደጁን አልፈው ሲገቡ፣ የተማሩ ሕግ አርቃቂዎች ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ።

የሲዳማ ክልል ዛሬ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ሕግ ያወጣል። የወንጀል ሕጉን የሚያሻሽለው የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው፤ እዚያም ከሀዋሳና ከሲዳማ ወረዳዎች የተመረጡ እንደራሴዎች አሉን። ስለዚህ ይህን የምታነቡ እህቶቼም ወንድሞቼም፣ በሚቀጥለው ምርጫ እጩው ሰፈራችሁ መጥቶ መንገድና ውሃ ሲዘረዝርላችሁ ሁለት ጥያቄ ጨምሩለት። በአንቀጽ 620 ላይ ድምፅህን ወዴት ትሰጣለህ? የደመወዝ ቦርዱንስ መቼ ታቋቁማላችሁ? መልሱን በሰው ፊት ይናገረው። የፓርኩን ልጆች የምታከራዩ ደግሞ፣ በምዝገባው ሳምንት የነዋሪነት ማስረጃ ለማውጣት ሲሄዱ አብራችኋቸው ቀበሌ ሂዱ፤ ቤቴ ነው የምትኖረው ብላችሁ መስክሩላቸው።